«መዝገቡ ይገረዛል» ምን ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ባኩላ የተባለውን የባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) ሶፍትዌር ለሚያስተዳድር ሰው በተጻፈ መመሪያ ላይ ያለች ናት፦ «የፋይሉ መዝገብ በ60 ቀን ይገረዛል፤ ካስፈለገ ይጸዳል፤ ዲስኩ ግን አይጎድልለትም።» ይገረዛልና ይጸዳል ይለያያሉ? «አይጎድልለትም» ላይ ያለው «ለት»ስ ለማን ነው?

ሥርወ ቃል፦ ከገረዘ እንጀምር። ግእዙ ገዘረ ነው፤ ዛይና ርእስ በአማርኛ ቦታ ተለዋወጡ። «ግዝረት» ግን እንደነበረ አለ።

ቆሎ ተማሪ፦ በስምንተኛው ቀን መሆኑ ቀርቶ በ60 ሆነ? ኦሪት ተሻሻለች ቂቂቂ

በረኛው፦ 60 ቀን የፋይል ረድፍ ማቆያ ነባሪ (ካልቀየሩት የሚሠራ) ቁጥር ነው፤ የጆብ (የአንድ ዙር ባክአፕ) 180፣ የቮልዩም (ባክአፑ የሚጻፍበት ቴፕ ወይም ፋይል) 365። መግረዝ ያሉት ፕሩንን ነው፦ ማቆያው ያለፈበትን ረድፍ ከካታሎጉ (የትኛው ፋይል የት እንዳለ ከሚዘረዝረው ዳታቤዝ) ያወጣል፤ ቴፑ ላይ ያለው ዳታ አይነካም። የፋይል ረድፉ ከወጣ ግን አንዲት ፋይል ከዝርዝር መርጦ መመለስ ቀረ። ወይ ጆቡን በሙሉ መመለስ፣ ወይ ቢስካን በተባለው የባኩላ መሣሪያ ቴፑን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ረድፎቹን መተካት ነው። ማጽዳት ፐርጅ ነው፤ እሱም ረድፉን ያወጣል፣ ማቆያው አለፈ አላለፈ ግን አይጠይቅም።

ሥርወ ቃል፦ «ማጽዳት» ለፐርጅ አይሆንም። ጸዳ ከጸዐደ ነው፣ ነጣ ማለት። የሚነጣው ነገር ራሱ ይቀራል እኮ፤ እዚህ የሚቀር የለም። «መደምሰስ» ይባል።

ዳዊት ደጋሚ፦ ይቀራል እንጂ! ፐርጅ የሆነ ቮልዩም ላይ ሌላ ጆብ እስኪጻፍበት ዳታው አለ፤ ሪሳይክል (በቮልዩሙ ላይ ደግሞ መጻፍ) ከተፈቀደ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ፕሩንም የቮልዩሙን ጆቦች በሙሉ ካወጣ መድረሻው እዚያው ነው። «አይነካም» ሳይሆን «ለጊዜው አይነካም»። ደግሞ ጸዳ ከነጽሐ አይደለም እንዴ?

ሥርወ ቃል፦ ነጽሐ የወለደው «ነጻ»ን ነው። ቅኔ ቤት ሳይገቡ ሥር አይቆፈርም።

ቆሎ ተማሪ፦ የኔታ አለንጋ አነሡ።

በረኛው፦ ዲስኩን በተመለከተ፦ ካታሎጉ ያለው ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ከሆነ፣ እሱ የተሰረዘን ረድፍ ቦታ ለአዲስ ረድፍ ያቆየዋል እንጂ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይመልስም። ተራ ቫኪዩምም (የፖስትግሬስ የማጽጃ ትእዛዝ) ከሠንጠረዡ ጫፍ ባዶ ገጽ ካላገኘ በቀር ያው ነው። ቫኪዩም ፉል ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ እስኪጨርስ ይቆልፈዋል፣ ለአዲሱ ቅጂ የሚበቃ ባዶ ቦታም ይፈልጋል። የፋይል ሠንጠረዡ ከሁሉም ስለሚገዝፍ፣ ዲስኩ ጢም ካለ በኋላ ማስታወስ ዋጋ የለውም። ጆብ በማይሄድበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ፕሩን፣ ቀጥሎ ባለቤት አልባ ዱካዎችን (ምንም ፋይል የማይጠቅሳቸውን የፎልደር አድራሻዎች) ዲቢቼክ በተባለው የባኩላ መሣሪያ መሰረዝ፣ ከዚያ ቫኪዩም። የፑል (የቮልዩሞች ስብስብ) ማቆያ ያሳጠረ ሰው ደግሞ የድሮዎቹ ቮልዩሞች አዲሱን ቁጥር ራሳቸው እንደማይወርሱ ይወቅ፤ የአፕዴት ትእዛዝ ይፈልጋሉ።

ዳዊት ደጋሚ፦ ካታሎግን «መዝገብ» ማለትስ? በግእዝ ግምጃ ቤት ነው፣ ሀብቱ ያለበት። ሀብቱ ያለው ቴፑ ላይ ነው።

ሥርወ ቃል፦ በአማርኛ ዝርዝር ከሆነ ስንት ዘመኑ!

በረኛው፦ በግእዙም አያንስበትም። የካታሎጉ ባክአፕ ከሌሎቹ ጆቦች ሁሉ በኋላ ይሂድ፤ ከቀደመ የዚያ ሌሊት ጆቦች ቅጂው ውስጥ የሉም። ቡትስትራፕ ፋይሉም (ካታሎጉ ቢጠፋ ባክአፑ የት ቮልዩም ላይ እንዳለ የሚጠቁመው) ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ለት»ስ?

ሥርወ ቃል፦ ቆይ፣ ቡትስትራፕን በአማርኛ ማን ይለዋል?