የደንበኞቼ ሰነድ ያለበትን ኮምፒውተር ከመሸጤ በፊት ምን ላድርግ?

የጽሕፈት ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ስምንት ዓመት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሠርቻለሁ። አሁን ላፕቶፕ ስለገዛሁ አሮጌውን ዴስክቶፕ ልሸጠው ነው። ገዢው ቅዳሜ ይወስደዋል። ፋይሎቹን በሙሉ አጠፋሁ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግኩ። በቃ ጨረስኩ ብዬ ነበር።

ትናንት የእህቴ ልጅ መጥቶ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ አልጠፋም» አለኝ። ሬኩቫ የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ከፈተ። ያቀረብኩለትን ሻይ ሳይጨርስ የፋይል ስም ይዘረዘር ጀመር። አንዱን ከፈተው። ከሦስት ዓመት በፊት የጻፍኩት የአንዲት እናት የቀለብ አቤቱታ ነው። ስሟ፣ የልጆቿ ስም፣ የቤት ቁጥሯ ሳይቀር ቁጭ ብሏል። ያን ቀን እያለቀሰች ነበር የነገረችኝ፤ እኔን አምና። እጄ ተንቀጠቀጠ። ፓስፖርቱ፣ መታወቂያው፣ የዲግሪ ስካኑ ስንቱ አለ!

ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ነው፣ ዊንዶውስ 10። በመዶሻ እንዳልሰብረው ገዢው ከነሃርድ ዲስኩ ነው የተስማማው። እባካችሁ እርዱኝ።

ጠጋኙ፦
እህቴ አይዞሽ፣ መስበር አያስፈልግም። ፋይል ስታጠፊ ኮምፒውተሩ ስሙን ከማውጫው ይሰርዛል እንጂ ጽሑፉን አይነካውም። ቦታውን «ነጻ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌው እዚያው ነው። ስለዚህ በላዩ ላይ መጻፍ አለብሽ።

ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ ግቢ። ሪሴት ዚስ ፒሲ፣ ቀጥሎ ሪሞቭ ኤቭሪቲንግ በይ። እዚያ ቼንጅ ሴቲንግስን ተጫኚና ክሊን ዴታ የሚለውን ኦን አድርጊው። ብዙ ሰው ይህቺን ያልፋታል፤ ዋናዋ ግን እሷ ናት። ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ያስቀመጥሽው ካለ ደግሞ ቀድመሽ ለብቻው ፎርማት አድርጊው። ክዊክ ፎርማት ላይ ያለችውን ምልክት አንሺያት፣ ያኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ ይጽፍበታል። ሰዓታት ይፈጃል። መብራት እንዳይቋረጥብሽ ዩፒኤስ ካለሽ አገናኚው።

35 ጊዜ ካልተጻፈበት አይጠፋም የሚሉሽ ይኖራሉ። ያ በ1996 የወጣ ምክር ነው። ለዛሬ ሃርድ ዲስክ አንዴ በደንብ ከተጻፈበት ይበቃል።

የአዳማው፦
ጠጋኙ ያለው ለሃርድ ዲስክ ልክ ነው። ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር በሌለው አዲስ ዓይነት ዲስክ ላይ ግን በላዩ መጻፍ አያስተማምንም። ዲስኩ ራሱ ቦታ እያቀያየረ ስለሚጽፍ አሮጌው ቅጂ የማይታይ ጥግ ሊቀር ይችላል። ለእሱ አምራቹ የሚሰጠው ሴኪዩር ኢሬዝ የሚባል ሙሉ ማጥፊያ አለ። አዲሱ ላፕቶፕሽ ኤስኤስዲ ከሆነ ከአሁኑ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ቆልፊው፤ ቁልፉ ከሌለ የቀረው ቅጂ አይነበብም።

ሌላም አለ። ደንበኞች በቴሌግራም የላኩልሽ ፋይል ዲስኩ ቢጠፋም አካውንትሽ ውስጥ ይቆያል። እሱንም አጽጂው። ፎቶ ኮፒ ማሽንሽንስ አይተሽዋል? ትልልቆቹ ብዙዎቹ የራሳቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፣ የተነሳውን ሰነድ ሊያስቀሩት ይችላሉ።

የጽሕፈት ቤቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ! እንዳላችሁኝ አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት የእህቴን ልጅ ጠርቼ በሬኩቫ ደግሞ አየልኝ። አንድም የደንበኛ ፋይል አልወጣም። ያቺን አቤቱታ በስሟ አስፈለግኩት፣ የለችም።

የኮፒ ማሽኑ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። አሮጌውን አምና ሸጬዋለሁ። አሁን የገዛኝን ሰውዬ ስልክ ከድሮ ደብተሬ ላይ እየፈለግኩ ነው።