ከካምፕ በፊት አብረን የምናየው ተከታታይ ፊልም፦ ለቦርዱ የምናቀርበውን ዕቅድ እናርቅቅ

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የወጣቶች ክፍላችን ያነሳውን ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ለቦርዱ አንድ ገጽ ዕቅድ ማቅረብ ስላለብን እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው።

ሐሳቡ ይህ ነው። እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙዎቹ ልጆቻችን ከቤት ርቀው ወደሚያድሩበት የዕረፍት ካምፕ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት "ዴድ ኦፍ ሰመር" የሚባለውን አስፈሪ ተከታታይ ፊልም ከእነሱ ጋር አይተን እንወያይበት ይላሉ። በፈረንጆቹ 2016 ፍሪፎርም በሚባል የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የታየ ነው። 10 ክፍል ብቻ ነው፣ ሁለተኛ ምዕራፍ አልተሠራለትም። ታሪኩ የሚካሄደው በፈረንጆቹ 1989፣ ስቲልዋተር በሚባል ሐይቅ ዳር ካምፕ ውስጥ ነው። ወጣት ተንከባካቢዎች ልጆቹን ሊቀበሉ ይሰበሰባሉ፣ ወዲያው ሰው መሞት ይጀምራል። ገዳይም አለ፣ ጋኔንም አለ።

አስተያየታችሁን ጻፉ። የሚቃወምም ይጻፍ።

የሁለት ልጆች አባት
እኔ እቃወማለሁ። ልጄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጪ ልታድር ነው። እናቷን ለማሳመን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን ደግሞ ካምፕ ውስጥ ሰው የሚታረድበት ፊልም እናሳያት? ማኅበራችን ስንት የሚያስተምር ነገር እያለ ለምን ይኼ ተመረጠ?

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። እኛም የመረጥነው ለደሙ ብለን አይደለም። ልጆቹ እንዲህ ዓይነቱን ፊልም እኛ ባናሳያቸውም ያዩታል። ብቻቸውን፣ ማታ፣ በስልካቸው። እኛ የፈለግነው ከአዋቂ ጋር እንዲነጋገሩበት ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ "ረጅሙ ሰው" የሚሉት መንፈስ አለ። ቶኒ ቶድ ነው የተጫወተው፣ በ2024 ያረፈው ትልቅ ጥቁር ተዋናይ። መጀመሪያ ክፍል ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች መጥተው ይገድሉታል። እኛም ተመልካቾቹ ለብዙ ክፍል የክፋቱ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው ብለን እንቆያለን። መጨረሻው ሲገለጥ ግን ሰውየው ከጋኔኑ ጋር ሲታገል የነበረ ሰው ነው። ጋኔኑ ያደረው ማንም ባልጠረጠረው ሰው ላይ ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ያላየ ሰው አለ።

እዚህ አገር ያደገ ጥቁር ልጅ ረጅም ስለሆነ፣ ዝም ስላለ፣ መንገድ ላይ ስለቆመ ብቻ ሰው ሲሸሸው ያውቃል። እኔ ራሴ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ነገር ከወላጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ አውርቼ አላውቅም። ይህ ተከታታይ ያንን ወሬ የሚያስጀምር በር ይመስለኛል።

አንዲት እናት
ልጄ፣ ይህን በመጻፍህ አመሰግንሃለሁ። እኔም አንድ ነገር ልናገር። "ካምፕ" የሚለው ቃል ራሱ ይከብደኛል። እኔ የማውቀው ካምፕ ሱዳን ያለው የስደተኞች መጠለያ ነው። ድንኳን፣ የውሃ ሰልፍ፣ ማታ የሰው ኮቴ ስትሰሚ ትንፋሽ መያዝ። ልጄ "ማሚ፣ ካምፕ ልሂድ" ስትለኝ ሆዴ የሚሸበረው ለዚያ ነው። እሷ ግን ይህን አታውቅም፣ ነግሬያት አላውቅም። ዕቅዱ ውስጥ ወላጆችም የራሳቸውን የሚናገሩበት ሰዓት ይኑር። ልጆቹ ብቻ አይጠየቁ።

ጸሐፊ
እህቴ፣ ይህንን እንዳለ ዕቅዱ ውስጥ አስገባዋለሁ። አንደኛው ቀን "ካምፕ ስንል" በሚል ርዕስ በወላጆች ንግግር ይጀመር።

ገንዘብ ያዥ
ከሐሳቡ ጋር ነኝ፣ ግን የሕግ ነገር አለ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ፊልምን አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ለማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለትርፍ ያልተቋቋምን ብንሆንም፣ በነፃ ብናሳይም ያው ነው። ዲቪዲ ገዝተናል ወይም ለስትሪሚንግ ከፍለናል ማለት ለቤት እንጂ ለአዳራሽ አይሆንም። ፈቃዱን እንግዛ ካልን ገንዘብ ያስወጣናል፣ የዘንድሮው በጀት ደግሞ ተመድቦ አልቋል።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ
እንግዲያው አዳራሽ ውስጥ አናሳይ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ይየው። በሳምንት ሁለት ክፍል። እሑድ አዳራሽ የምንገናኘው ለውይይት ብቻ ይሁን። በ5 ሳምንት ያልቃል።

የሁለት ልጆች አባት
ይኼ ለእኔ ትልቅ ለውጥ ነው። ቤቴ ውስጥ ከሆነ ሪሞቱ በእጄ ነው። የማልፈልገው ቦታ ሲደርስ አልፈዋለሁ፣ ልጄም ከጎኔ ናት። ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። ግን ዕድሜ ይወሰን፣ ከ15 ዓመት በታች አይግባበት። የወላጅ ፊርማም ይኑር።

አንዲት እናት
እስማማለሁ። የእኔዋ 13 ናት፣ አትገባም። ለትንንሾቹ ሌላ ነገር እናስብላቸው።

የካምፕ ሠራተኛ የነበርኩ አባል
አርፍጄ ገባሁ፣ ይቅርታ። ሁለት ክረምት ካምፕ ውስጥ በውሃ ዋናው በኩል ሠርቻለሁ። የምለው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ካምፕ ውስጥ የሚካሄዱ አስፈሪ ፊልሞች ብዙዎቹ የተከተሉት በ1980 የወጣውን "ፍራይዴይ ዘ ተርቲንዝ" የሚባል ፊልም ነው። የተቀረጸው ኒው ጀርሲ፣ እውነተኛ የቦይ ስካውት ካምፕ ውስጥ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው የግድያና የበቀል ሁሉ ምክንያት ምንድን ነው? አንድ ልጅ ሐይቅ ውስጥ መስመጡ ነው። ሊጠብቁት የሚገባቸው ወጣቶች ሌላ ነገር ላይ ነበሩ። ደሙንና ቢላዋውን ብትተዉት የሚቀረው ፍርሃት ይኸው ነው፦ አደራ የተሰጠው ሰው ዞር ሲል። በ"ዴድ ኦፍ ሰመር"ም ክፋቱ ያለው ሐይቁ ውስጥ ነው።

እውነተኛው ካምፕ ይህን አደጋ እንዴት እንደሚጠብቅ ወላጆች ማየት አለባቸው። እኛ ጋ ውሃው ዳር የእንጨት ሰሌዳ ነበረን። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ክብ ምልክት አለው። ሲገባ ከጓደኛው ምልክት ጋር አንድ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል፣ ሲወጣ ያነሳዋል። በየአሥር ደቂቃው ፊሽካ ይነፋል። ሁሉም ባለበት ቆሞ የጓደኛውን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል። እኛ እንቆጥራለን፣ ቁጥሩ ከሰሌዳው ጋር መግጠም አለበት። አንድ ጊዜ አንድ ምልክት ተሰቅሎ ቀረ። ልጁ ሳያነሳው ሽንት ቤት ሄዶ ነበር። እስኪገኝ ድረስ ያለፈው ጊዜ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፣ ግን ጉልበቴ ሲከዳኝ ዛሬም ይሰማኛል።

ወላጆች ለካምፑ የሚያቀርቡትን ጥያቄ እኔ አዘጋጃለሁ። ማን ነው የሚቆጥረው? በስንት ደቂቃ? ለስንት ልጅ ስንት ሰው? ማታ ክፍላቸው ውስጥ የሚያድረው ማን ነው? ልጄ ስልክ መደወል ብትፈልግ ማንን ትጠይቅ? እነዚህን ሳይጠይቅ ማንም ልጁን እንዳይልክ እለምናለሁ።

ጸሐፊ
ይህ ከወረቀቱ ላይ ትልቁን ቦታ ይይዛል። ቦርዱም የሚያምንበት በዚህ ይመስለኛል።

በዕድሜ የገፉ አባል
ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ፊልም ብዙ አላይም። ግን ጋኔን ውሃ ውስጥ ነው ስትሉ ገረመኝ። እኛ ጋ ውሃ ጋኔን የሚወጣበት ነው። እንጦጦ ጸበል ቦታ ልጅ ሆኜ ያየሁትን አልረሳም። ሰው ይጮኻል፣ ካህኑ መስቀሉን ይዘው "ልቀቅ" ይላሉ፣ ውሃው ይፈስሳል። ልጆቹ ይህን ከእኛ ይስሙ። ሌላው አገር ሐይቁን ሲፈራ የእነሱ አያቶች ለምን ወደ ውሃው እንደሚሮጡ ይወቁ። ፈቃዳችሁ ከሆነ እኔ መጥቼ አጫውታቸዋለሁ።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ
አባባ፣ ፈቃዳችን ብቻ ሳይሆን ጉጉታችን ነው። ሦስተኛው እሑድ የእርስዎ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። 1989 በአጋጣሚ የተመረጠ ዓመት አይመስለኝም። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ "ሰይጣን አምላኪዎች ልጆች እየጎዱ ነው" የሚል ትልቅ ድንጋጤ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ የማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ሠራተኞች በዚህ ዓይነት ክስ ዓመታት ተጉላልተው በ1990 ክሱ ያለ አንድም ጥፋተኛ ተዘጋ። ተከታታዩም በዚያው ድንጋጤ ውስጥ ነው የሚራመደው። ሰው በወሬ ብቻ እንዴት እንደሚፈረድበት ለመወያየት አራተኛውን እሑድ ለዚህ እንያዝ።

ጸሐፊ
እሺ። ለቦርዱ የምልከው ረቂቅ ይኸውና፣ አስተካክሉት።

"ማኅበራችን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆችና ለወላጆቻቸው የ5 ሳምንት ውይይት ያዘጋጃል። ቤተሰቦች በየቤታቸው በሳምንት ሁለት ክፍል ያያሉ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን ይወያያሉ። በአዳራሹ ፊልም አይታይም። የመጀመሪያው ቀን በወላጆች ንግግር ይከፈታል። ስለ ረጅሙ ሰው ወጣቶቹ ራሳቸው ውይይቱን ይመራሉ። የመጨረሻው ቀን ስለ ካምፕ ደኅንነት ነው፣ ለወላጆች የጥያቄ ወረቀት ይታደላል። ከማኅበሩ የሚጠየቀው አዳራሹ፣ ቡናና ዳቦ ነው።"

ገንዘብ ያዥ
ቡናና ዳቦውን በጀቱ ይችላል። የጥያቄው ወረቀት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይታተም፣ ካምፑ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው በእንግሊዝኛ ያስፈልገዋል።

የሁለት ልጆች አባት
"ወላጆቻቸው" የሚለው ላይ "እናትም አባትም" ተብሎ ይጻፍ። አባቶች እናት ትበቃለች ብለን እንቀራለን። እኔ እመጣለሁ፣ ፈርሜያለሁ።

አንዲት እናት
የመጀመሪያውን ቀን ንግግር እኔ እጀምራለሁ። ልጄ 13 ብትሆንም ለዚያ ቀን ብቻ ትምጣ፣ የምናገረውን እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

ጸሐፊ
ትምጣ። ሁለቱንም አስገብቼ ዛሬ ማታ እልካለሁ።