«ራስ አሊ ድል ሆኑ» ሲባል አሸነፉ ነው ተሸነፉ? የዘመነ መሳፍንት የጦር ቃላት

ፊደል ወዳድ፦

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ቆየት ባለ አማርኛ ከተጻፈ መጽሐፍ ላይ እያነበብኩ ነው። ሁለት ነገር አላስኬድ አለኝ።

አንደኛው፣ ራስ አሊ አይሻል ላይ «ድል ሆኑ» ይላል። ገጹን ስገልጥ ግን ሲሸሹ አገኘኋቸው። አሸንፎ የሚሸሽ ሰው አለ እንዴ?

ሁለተኛው የማዕረጎቹ ነገር ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች። ስማቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ውጊያው ሲጀመር ግን ማን የት ነው የሚቆመው? ማንስ ማንን ያዛል?

የብራና ልጅ፦

የመጀመሪያው ቀላል ነው። «ድል ሆነ» በቀድሞው አማርኛ «ተሸነፈ» ማለት ነው። ያሸነፈው «ድል አደረገ»፣ «ድል ነሣ» ወይም «ድል መታ» ይባላል። የተሸነፈው «ድል ሆነ»፣ «ድል ተነሣ» ወይም «ድል ተመታ» ነው። ዛሬ «ድል» የሚለው ቃል ብቻውን የደስታ ቃል ሆኗል። ስለዚህ «ሆነ» ሲከተለው ሰውየው ያሸነፈ ይመስለናል። መጽሐፍህ አልተሳሳተም። ሰኔ 1845 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ድል አደረጉ። ራስ አሊ ድል ሆኑ። የእሳቸው ወገን የሆኑት የየጁ መሳፍንት የበላይነትም እዚያው አበቃ።

ቃሉ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ግን በ1834 ዓ.ም. የደብረ ታቦር ጦርነት ላይ ነው። ትግራይንና ሰሜንን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ራስ አሊን ሊወጉ ደብረ ታቦር ድረስ ዘመቱ። አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማንም ይዘው ነበር። ውጊያው ለውቤ ቀና። ራስ አሊ ሜዳውን ጥለው ሸሹ። የውቤ ሰዎች ለድሉ ግብር ተቀምጠው ሲደሰቱ የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደረሰባቸው። ውቤ ተማረኩ። አቡኑም አብረው ተያዙ። እንግዲህ በአንድ ቀን ማን ድል አደረገ፣ ማን ድል ሆነ? ጸሐፊው ሁለቱንም ስለ አንድ ሰው ቢጽፍ አልዋሸም። ውቤ በኋላ ተለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌላ አሥራ ምናምን ዓመትም ገዙ።

አሁን ወደ ማዕረጎቹ። የእኔ ግንዛቤ እንዲህ ነው። እነዚህ ስሞች መጀመሪያ ነገር የሚናገሩት ስለ ቦታ እንጂ ስለ ሰው ብዛት አይደለም። ጌታው መሐል ይቆማል። ሌላው ሁሉ የሚቆጠረው ከእሱ ተነሥቶ ነው። ከፊቱ ያለውን ጦር የሚመራው ፊት አውራሪ ነው፤ ቀድሞ ገብቶ ይወርራል፣ መንገድ ይከፍታል። በቀኙ ያለውን የሚያዘምተው ቀኝ አዝማች፣ በግራው ያለውን የሚያዘምተው ግራ አዝማች ነው። ደጃዝማች የደጅ አዝማች ነው፤ ደጁም የንጉሡ ድንኳን ደጅ ነው። ከኋላ ያለው ጦር ደጀን ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ሰፈሩን ነው። ጦሩ ሲሰፍርም ይህንኑ ቅርጽ ይዞ ነው። የፊታውራሪው ድንኳን ፊት፣ የቀኛዝማቹ በቀኝ፣ የግራዝማቹ በግራ ይተከላል። ጠላት ሌሊት ቢደርስ ሰው ሁሉ ቦታው ላይ ነው ያለው። ማንም «የት ልቁም?» ብሎ አይጠይቅም። ተኝቶ የተነሣበት ቦታ የሚዋጋበት ነው። የመንግሥት መቀመጫ ራሱ ድንኳን በሆነበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሰፈር» የምንለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። አዲስ አበባም ስትቆረቆር ሹማምንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ እየሰፈሩ ነው ያደገችው። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ለዚህ ነው። (የደጃች ውቤ ሰፈሩ ውቤ ግን ውቤ አጥናፍ ሰገድ ናቸው። ከሰሜኑ ውቤ ጋር የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው።)

ማን ማንን ያዛል ላልከው፣ መልሱ «የማን ፊታውራሪ?» በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ራስ የተባለው ሹም ፊታውራሪ አለው። ከእሱ ሥር ያለ ደጃዝማችም የራሱ ፊታውራሪ፣ የራሱ ቀኛዝማችና ግራዝማች አለው። ትልቁ ጦር የትንንሾቹ ቅርጽ ነው። በዘመነ መሳፍንት አንድ ሹም ከጌታው ከድቶ ወደ ሌላው ሲገባ ወታደር ብቻ ይዞ አይደለም የሚሄደው፤ ከነፊታውራሪው፣ ከነቀኝና ግራው የተሟላ ጦር ይዞ ነው። በኔ አስተያየት ያ ዘመን ያን ያህል የረዘመው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ጦሩ ሲበተን አይፈርስም፤ ይከፋፈላል እንጂ።

ፊደል ወዳድ፦

«ድል ሆነ» ገባኝ፣ እግዜር ይስጥህ። አንድ ልጨምር። የጦር መሣሪያስ በዚህ አሰላለፍ ውስጥ ቦታ ነበረው? «ነፍጠኛ» ሲል አይቻለሁ፣ ግን በዛሬው ትርጉም ላነበው አልፈለግኩም።

የብራና ልጅ፦

ጥሩ አድርገሃል። ዛሬ ፖለቲካው ወስዷታል። በጦር መጽሐፍ ውስጥ ስታገኛት ነፍጥ የያዘ፣ ጠመንጃ ተኳሽ ማለት ብቻ ናት። ከፈረሰኛና ከጋሻና ጦር ከያዘው እግረኛ ለመለየት ነው። የየጁዎቹ ዋና ጉልበት ፈረሰኛው ነበር። ደጃዝማች ውቤ ደግሞ በምፅዋ በኩል የሚገባው ጠመንጃ ቀርቧቸው ስለነበር በነፍጠኛ ይታወቁ ነበር። ያም አላዳናቸውም። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ድል ሆኑ። ካሳ ከጥቂት ቀን በኋላ እዚያው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

አንድ የሚገርም ማዕረግ ልንገርህ፦ ሊቀ መኳስ። ሥራው በውጊያ ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ እንደ ንጉሡ ታጅቦ መቆም ነው። ጠላት ንጉሡን ፍለጋ ሲመጣ እሱን ያገኛል። ሹመቱ ክብር ነው፤ ሥራው ግን በጥይት ፊት መቆም ነው።

ጡረተኛው ወታደር፦

ልጆች፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። እኔ ከሠራዊቱ ወጥቼ ስለተቀመጥኩ ስለ ቁጥሮቹ ማዕረጎች ትንሽ ልበል።

አፄ ቴዎድሮስ ጦሩን ሲያደራጁ ዋናው ነገር ከየአገሩ የመጣውን ወታደር ቀላቅሎ በአንድ አለቃ ሥር ማድረግ ነበር። ያ ማለት ወታደሩ የአገሩን ጌታ ትቶ የንጉሡ ወታደር ሆነ ማለት ነው። የአስር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሺህ አለቃ የሚሉት ማዕረጎች ሥርዓት የያዙት በእሳቸው ጊዜ ነው ይባላል። የብራና ልጅ «ቦታ ነው» ያልከው እዚህ ላይ ወደ ቁጥር ዞረ። ቀኝና ግራ ያለ ጌታ ትርጉም የላቸውም። አስርና መቶ ግን ጌታ ቢቀያየርም ያው አስርና መቶ ናቸው።

አስቂኙ ነገር ቁጥሮቹም ዛሬ ቁጥር አለመሆናቸው ነው። ሻለቃ «ሺ አለቃ» ነው። ሻምበል ውስጥም ያው ሺህ አለ። የዛሬ ሻምበል ግን መቶ ምናምን፣ ቢበዛ ሁለት መቶ ሰው ቢያዝ ነው። የሃምሳ አለቃም ሃምሳ ሰው ቆጥሮ አያውቅም። እኔ የሃምሳ አለቃ ሳለሁ ሃምሳ ሰው ባገኝ ኖሮ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ኳስ አፍቃሪ፦

ይቅርታ ጋሼ፣ ጣልቃ ልግባ። ሻምበል ውስጥ ያለው «አምበል» የኳሱ አምበል ነው እንዴ? የቡድን አምበል የምንለው?

ጡረተኛው ወታደር፦

ያው ነው ልጄ። ሺ አምበል፣ ሻምበል። አምበል መሪ ነው።

የብራና ልጅ፦

ጋሼ እንዳሉት። «አሰላለፍ» ራሱም እኮ የጦር ቃል ነው። ስንት ሰው አጥቂ፣ ስንት ተከላካይ ብለህ ስታስቀምጥ የምትናገረው የድሮ የጦር መሪ ቋንቋ ነው። «ሰልፍ» በግዕዝና በቀድሞው አማርኛ ውጊያ ማለት ነበር። ዳዊት ለጎልያድ «ሰልፉ ለእግዚአብሔር ነው» ሲለው የታክሲ ሰልፍ አይደለም። ውጊያው የእሱ ነው ማለቱ ነው። ኋላ ለውጊያ መደርደር፣ ከዚያ መደርደር ብቻ፣ ከዚያ ለዳቦ መቆም ሆነ። የግራና የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ስትል ግራዝማችና ቀኛዝማች ትዝ ካሉህ አልፈርድብህም።

ኳስ አፍቃሪ፦

እሺ፣ ደጀኑ በረኛ ነው ማለት ነው 😄

የብራና ልጅ፦

ኧረ አይደለም! ደጀን የሚቆመው ሊከላከል ብቻ አይደለም። ፊት ያለው ሲደክም ወይም ሲፈታ የሚገባው እሱ ነው። ተቀያሪ ብትለው ይሻልሃል። በነገራችን ላይ ስለ ጦር «ተፈታ» ሲባል ሰልፉ ተበተነ ማለት ነው። ከእስር አይደለም፤ ከትዳርም አይደለም።

ፊደል ወዳድ፦

አሁን ደግሞ «ጋሻ ጃግሬ»። እኔ የማውቀው ስድብ ሆኖ ነው። የሹም አጎብዳጅ፣ ተላላኪ ማለት። መጽሐፉ ግን በክብር ነው የሚጠራው።

የብራና ልጅ፦

ቀድሞ የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ አጠገቡ የሚሄድ ታማኝ ሰው ነበር። ጌታው ሲወድቅ ከጎኑ የሚወድቅ። ዘመኑ አለፈና ጋሻው ቀረ፤ ተከትሎ መሄዱ ብቻ ሲቀር ስድብ ሆነ። «የጎበዝ አለቃ»ም እንዲሁ ነው። የአገሬው ሰው በጭንቅ ጊዜ ከመካከሉ መርጦ የሚሾመው ነበር። ዛሬ በዜና ስትሰማው ሕግ የማይገዛው ታጣቂ ነው። ጥቂቶች ግን ዕድላቸው ቀንቷል። «ግንባር ቀደም» ዛሬም ሙገሳ ነው። የአንድ ነገር «ፊታውራሪ» መባልም ያኮራል። እውነተኛው ፊታውራሪ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ነበር። የቴዎድሮስ ፊታውራሪ ገብርዬ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ የወደቀው ፊት ቀድሞ ገብቶ ነው።

ጡረተኛው ወታደር፦

ጓዙን ረሳችሁት! ጦር የሚባለው ተዋጊው ብቻ አይደለም። ፈጪው፣ ጋጋሪው፣ ጠጅ ጣዩ፣ በቅሎ ነጂው፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ ቄሱ ሁሉ ይከተላል። ከተዋጊው የሚበዛበት ጊዜም አለ። ጉዞውን የሚያዘገየው እሱ ነው፤ ጦሩን የሚያበላውም እሱ ነው። ጓዙ ከተያዘ ውጊያው አለቀ። ዛሬ ሰው ቤት ሲለቅ «ጓዜን ጠቅልዬ ወጣሁ» የሚለው ከዚያ ነው።

ፊደል ወዳድ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የመጨረሻ ጥያቄ። የዘፈን «አዝማች»ስ? ከቀኝ አዝማች ጋር ዝምድና አለው?

የብራና ልጅ፦

አለው። አዝማች ከዘመተ ነው፤ የሚያዘምት፣ የሚመራ። ዘፈኑ ውስጥም ግጥሙ ወደየትም ቢሄድ እየተመላለሰ የሚሰበስበው እሱ ነው። «አዝማሪ» ግን ከዘመረ ስለሆነ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ፊደሉ ቢመሳሰልም አታጋባቸው። ሽለላና ፉከራው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ሜዳ ይገናኙ ነበር።