የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ክርክር፦ ውሸት ወይስ ስሕተት?

አወያይ፦ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ የተዘፈቀችው መሪዎቿ ዋሽተው ነው ወይስ ነገሩ ከእጃቸው አምልጦ? ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

ጠበቃው፦ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ኦገስት 4 ቀን 1964 ሌሊት፣ በሰሜን ቬትናም ጠረፍ ባለው በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ፣ ማዶክስና ተርነር ጆይ የተባሉት የአሜሪካ የጦር መርከቦች የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች አጠቁን ብለው ጨለማው ላይ ተኮሱ። ማን ላይ? በስፍራው የነበረው አዛዥ ጆን ሄሪክ ራሱ፣ የአየሩ ጠባይ ራዳሩን አሳስቶት ሊሆን ስለሚችል ነገሩ ይጣራ ሲል ቴሌግራም ልኳል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ግን በዚያው ዕለት በሰሜን ቬትናም ላይ የአጸፋ ድብደባ አዘዙ። ኦገስት 7 ኮንግረስ አስፈላጊ ያሉትን ሁሉ እንዲያደርጉ ፈቀደላቸው፤ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔቱ 88 ለ2። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው!

የታሪክ መምህሯ፦ ግማሹን ዋጥከው። ኦገስት 2 ሦስት የሰሜን ቬትናም ቶርፒዶ ጀልባዎች ማዶክስን በእርግጥ ገጥመዋታል፤ ያገኛት ግን አንድ ጥይት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በአሜሪካ የሚደገፉ የደቡብ ቬትናም ኮማንዶዎች የሰሜንን ደሴቶች ደብድበዋል። ሃኖይ፣ ማለትም የሰሜን ቬትናም መንግሥት፣ መርከቧንና ኮማንዶዎቹን አንድ አድርጋ አየች፤ ዋሽንግተን ያለ ምክንያት ተነካሁ አለች።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ እናንተ መጀመሪያ የተተኮሰችውን ጥይት ትፈልጋላችሁ። እኔ የሚገርመኝ ማርች 1965 ነው። ደቡብ ቬትናም ውስጥ ዳናንግ ላይ 3,500 ያህል የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኞች ሲወርዱ የታዘዙት የአየር ማረፊያውን እንዲጠብቁ ነበር። ዘብ ቆሜ አውቃለሁ፤ ሞርታር በአጥር አይመለስም። ተኳሹን ለማራቅ ከአጥሩ ውጭ ቅኝት ትልካለህ፣ ቅኝቱ ሲመታ ደራሽ ትልካለህ፣ ለደራሹም ሌላ ሰፈር ይሠራል፤ ያም ዘብ ይፈልጋል። በዓመቱ መጨረሻ 184,000 ደረሱ፤ በ1969 ከ540,000 በላይ።

ጠበቃው፦ እንዲህ ከሆነማ ተጠያቂ የለም ማለት ነው፣ መቶ አለቃ! አጥሩ ነው ያዋጋቸው ሊሉን ነው?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ አላልኩም። እያንዳንዱን ጭማሪ የፈረመ ሰው አለ።

የታሪክ መምህሯ፦ የፈረሙትም የአገር ቤቱን ፖለቲካ እየፈሩ ነው። በኦገስት 1964 ምርጫው ሦስት ወር ቀርቶታል፣ ተቀናቃኙ ጎልድዋተር በኮሚኒስቶች ላይ ላልታችኋል እያለ ይከሳል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ትሩማን ቻይናን ለኮሚኒስቶች አሳልፎ ሰጠ ተብሎ የደረሰበትንም ጆንሰን አልረሱም። ውሸት የምትለው እዚህ ፍርሃት ላይ ነው የበቀለው።

ጠበቃው፦ ፍርሃት ካልሽው ይኸውልሽ፦ እምቢ ያሉት ሁለቱ ሴናተሮች፣ ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ፣ በ1968 ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። የፈቃዱ ውሳኔ የተሻረው በ1971 ነው፤ ሲሻርም ወታደሮቹ እዚያው ነበሩ።