ቀይ ፋኖስ፦ ውራ ለወጣ ብስክሌተኛ ክብር ነው ወይስ ፌዝ?

ጠያቂ፦ እሑድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወደ እንጦጦ ስንወጣ መጨረሻ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። አንደኛው ቀዩን የኋላ መብራት ከራሱ ብስክሌት ፈትቶ ከኮርቻዬ ሥር አሰረልኝና «እንኳን ደስ አለህ፣ ቀይ ፋኖስ!» ሲለኝ ሁሉም አጨበጨቡ። በእኛ አገር «ውራ» መባል የሚያሸማቅቅ ነገር ስለሆነ፣ መከበሬ ይሁን መዋረዴ እስካሁን ግራ ገብቶኛል። ይህ ልማድ በቡድኖቻችን ሊቀጥል ይገባል ትላላችሁ?

የቀድሞ ተወዳዳሪ፦ ወንድሜ፣ ሊቀጥል ይገባል። ስያሜው ፈረንሳይን ለሳምንታት ከሚዞረው ትልቅ የብስክሌት ውድድር ከቱር ደ ፍራንስ የመጣ ነው፤ በአጠቃላይ ውጤት መጨረሻ የሚሆነው ጋላቢ የሚጠራው በባቡር የመጨረሻ ፉርጎ ላይ በሚሰቀለው ቀይ መብራት ነው። የጣቢያ ሠራተኛ ያንን መብራት ሲያይ ተቆርጦ መንገድ ላይ የቀረ ፉርጎ አለመኖሩን ያውቃል። ውድድሩ በ1903 ሲጀመር (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከተነሡት 60 ሰዎች የጨረሱት 21 ብቻ ነበሩ፤ የመጨረሻው አርሴን ሚሎሾ ከአሸናፊው ከሞሪስ ጋረን ከ64 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ቢገባም፣ 39 ሰዎች ጭራሽ አልደረሱም። ዛሬም ከተወሰነው ሰዓት ያለፈ ይሰረዛልና፣ በትምህርት ቤት ውራ የሚወጣ ልጅ ከበታቹ ማንም የለም፤ ይህኛው ግን ያቋረጡትን ሁሉ በልጧል።

የታሪክ መምህርት፦ በአክብሮት እቃወማለሁ። ማዕረግ ከሆነ፣ በ1979 ሁለት የቱሩ ጋላቢዎች፣ ጌርሃርድ ሾንባከርና ፊሊፕ ቴኒዬር፣ እያወቁ በዝግታ በመንዳት ለመጨረሻነት የተሻሙት ለምን ነበር? ሃምሳኛ የወጣውን ማንም አያስታውስም፤ የመጨረሻውን ግን ሕዝቡ ያውቀዋል፣ ከቱሩ በኋላ በየከተማው በሚደረጉ አጫጭር ውድድሮችም እየተከፈለው ይጋበዝ ነበር። ቴኒዬር እያንዳንዱ ጋላቢ ለብቻው ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት ቀን እጅግ ዘግይቶ ከውድድር ተሰረዘ፤ በቀጣዩ ዓመትም አዘጋጆቹ በተወሰኑ ቀናት መጨረሻ ላይ ያለውን የሚያስወጣ ደንብ ቢያወጡም፣ ሾንባከር እንደገና መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ። ደመወዙ ትንሽ የሆነውን ሰው እንጀራውን ፈለገ ብዬ አልወቅሰውም፤ ነገር ግን የውድድሩ ባለቤቶች ራሳቸው ያፈሩበትን ነገር በአንድ ጀማሪ ኮርቻ ላይ ማሰር ክብር አይመስለኝም።

የቀድሞ ተወዳዳሪ፦ እኅቴ፣ ሽሚያውን እኔም አልደግፍም። ከ2006 እስከ 2008 ሦስት ጊዜ በተከታታይ መጨረሻ የሆነውን ቤልጄማዊውን ዊም ቫንሴቬናንትን ግን ያስቡልኝ። ሥራው ውኃ ማቀበልና የቡድኑን መሪዎች ከነፋስ መከለል ነበር፤ የቡድኑ መሪ ካደል ኤቫንስ በ2007 እና በ2008 ሁለተኛ ሲወጣ የእርሱ ጉልበት አለበት። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆንም፣ ብዙዎቻችን የጠየቅነው «ስንተኛ ወጣ?» ብለን ብቻ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የታሪክ መምህርት፦ ስለ ቫንሴቬናንት እስማማለሁ። ይሁንና እርሱ የተሸከመው ነገር ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ጠያቂያችን ግን ሳይነገራቸው ነው የታሰረባቸው። ትርጉሙ ያልተነገረው ሰው ጭብጨባውን እንደ ሳቅ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ጠያቂ፦ እኔን ያስከፋኝ ይኸው ነበር። የባቡሩን ነገር እሑድ ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ መብራቱን እዚያው ፈትቼ ኪሴ አልከተውም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ይዤው እወጣለሁ፤ መጨረሻ ለሚደርሰውም ከማሰሬ በፊት ስለ ፉርጎው እነግረዋለሁ።