ኮምፒውተሬ ኦፕቴን ሚሞሪውን አላይ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ በሉኝ። ዴስክቶፔ 7ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ቺፕሴቱም (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ከ200ዎቹ ተከታታይ። ሃርድ ዲስኩ እያዘገመ ሲያማርረኝ 16 ጊጋባይት የኢንቴል ኦፕቴን ሚሞሪ (ሃርድ ዲስክን የሚያፈጥን ትንሽ ካርድ) ገዝቼ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኤም 2 ማስገቢያው ላይ ሰካሁት። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የለም። ዊንዶውስ 10 ዲቫይስ ማናጀር ላይም ወፍ የለም። ነቅዬ ወርቃማ ጥርሶቹን ጠረግኩ፣ መልሼ ብሎኑን አጠበቅኩ፤ ያው ነው። ባዮሱንም አፕዴት አድርጌያለሁ።

ባዮስ ውስጥ ያለው የሳታ ሞድ (ዲስኮቹ የሚሠሩበት ስልት) አሁንም ኤኤችሲአይ በሚባለው መደበኛው ላይ ነው። ኦፕቴን ወደሚፈልገው የኢንቴል አርኤስቲ ሞድ ብቀይረው ዊንዶውሱ አልነሳም እንዳይል ፈራሁ፤ የመሥሪያ ቤት ፋይል አለበት። ግን ባዮሱ ጭራሽ ካላየው ችግሩ የሞዱ ነው ትላላችሁ? ወይስ ኤም 2 ማስገቢያው የሳታ መስመር ብቻ ያለው ይሆን? ኦፕቴን የሚሠራው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው ከሳታ በሚፈጥነው መስመር ነውና። መቼም ማኑዋሉ ጠፍቷል። ሞዱን ሳልነካ ይህን በምን ልለይ?