«ሞንሱን»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ከቫስኮ ዳ ጋማ ጉዞ የተነሣ የቃላት ውይይት

ሰምና ወርቅ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ስለ ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ የመጀመሪያ የሕንድ ጉዞ ለተማሪዎች የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለት ቃላት አላራምድ አሉኝ። አንደኛው «ሞንሱን» ነው፤ አንዱ ጋ «ኃይለኛ ዝናብ»፣ ሌላው ጋ «ክረምት»፣ ሦስተኛው ጋ «የባሕር ነፋስ» ተብሎ አገኘዋለሁ። ሁለተኛው «ማሌሞ ካና» ነው። በዛሬዋ ኬንያ ጠረፍ ካለችው ከማሊንዲ እስከ ሕንድ መርከቦቹን የመራው ሰው በዚህ ይጠራል። የሰው ስም ነው ወይስ ማዕረግ? እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ሸራ ወጣሪ፦
ከሞንሱን ልጀምር፤ ጉዞው በሙሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። ሥሩ የዓረብኛው «መውሲም» ነው። መውሲም ማለት ወቅት፣ ለአንድ ነገር የተቆረጠ ጊዜ ነው፤ ለመከርም፣ ለሐጅም፣ መርከብ ለሚነሣበት ጊዜም ይነገራል። ፖርቱጋሎች «ሞንሳዎ» ብለው ወሰዱት፣ የቀሩት አውሮፓውያንም ከዚያው ቀዱት። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም ግድም ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ይነፍሳል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግድም ደግሞ ተገልብጦ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ አፍሪካ ይመጣል። የዓረብ፣ የጉጃራት (የምዕራብ ሕንድ) እና የስዋሂሊ ነጋዴዎች ፖርቱጋሎች ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ በአንዱ ሄደው በሌላው ይመለሱ ነበር።

ያገሬ ቃል፦
ታዲያ «ክረምት» ብንለው ምን ያጎድላል? ደቡብ ምዕራቡ ነፋስ የሚበረታው እኮ እኛ ጋ ክረምት ሲሆን ነው። ተማሪም ወዲያው ይገባዋል።

ሸራ ወጣሪ፦
ግማሹን ያጎድላል፣ ወንድሜ። የሰሜን ምሥራቁ ነፋስም መውሲም ነው፤ እሱ የሚነፍሰው ግን በእኛ በጋ ነው። «ክረምት» ካልን መመለሻው ነፋስ ስም አልባ ሊቀር ነው። ዳ ጋማን ያስከፈለው ደግሞ መመለሻው ነው።

ቀኖቹን ተመልከቱ፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው። በጁላይ 8, 1497 በአራት መርከቦችና በ170 ያህል ሰዎች ከሊዝበን ተነሣ። ደቡብ አፍሪካን ዞሮ ማሊንዲ ደረሰ። በኤፕሪል 24, 1498 ከማሊንዲ ሲነሣ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ገና መጀመሩ ነበር፤ መሪውም ያገሩን ባሕር የሚያውቅ ሰው ነበር። በሜይ 20 የሕንድ ወደብ በሆነችው በካሊከት አጠገብ መልሕቅ ጣለ። ባሕሩን ለማቋረጥ ወር እንኳ አልሞላውም። ሲመለስ ግን ኅዳርን አልጠበቀም። በኦክቶበር 5 ከሕንድ ጠረፍ ተነሣ፤ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ግን ገና አልገባም ነበር። አንድ ቀን ነፋስ ይጠፋል፣ በማግሥቱ ፊት ለፊት ይነፍሳል። የአፍሪካን ምድር፣ ሞቃዲሾን፣ ያዩት በጃንዋሪ 2, 1499 ነው። በመርከቡ የነበረ አንድ ሰው በያዘው ማስታወሻ ባሕር ላይ የቆዩትን «ሦስት ወር ሦስት ቀን ሲቀረው» ብሎ ቆጥሮታል። የሰዎቹ ድድ አብጦ ጥርሳቸውን ስለ ሸፈነ መብላት አቃታቸው፣ እግራቸውም አበጠ። በዚያ መንገድ ብቻ 30 ሰው ሞተ፤ በየመርከቡ ለሥራ የቆመው ሰባት ወይም ስምንት ሰው ነበር። ከሞምባሳ በስተ ደቡብ «ሳን ራፋኤል» የተባለችውን መርከብ ራሳቸው አቃጠሏት፤ ከአራቱ የቀሩትን ሦስት መርከቦች የሚነዳ ሰው አልነበራቸውም።

አንድ ባሕር፣ አንድ ካፒቴን፣ ያው መርከቦች፤ ልዩነቱ ጊዜው ነው። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የምንለው እዚህ ላይ በትክክል ይገባል። ስለዚህ ትርጉማችን ጊዜውን መያዝ አለበት እላለሁ። «የዝናብ ነፋስ» ብለን ከጻፍን ተማሪው ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንዳለቀ ሳይገባው ያልፈዋል።

ባሕረ ሐሳብ፦
ስለ «ማሌሞ ካና» እኔ ልጨምር። የሰው ስም አይመስለኝም። «ማሌሞ» የዓረብኛው «ሙዐሊም» ነው፤ መምህር ማለት ነው። ስዋሂሊ «ምዋሊሙ» የሚለውም እሱኑ ነው። በዚያ ባሕር ላይ የመርከብ መሪ ይጠራበት ነበር። «ካና»ን ደግሞ ሊቃውንት ከሳንስክሪቱ «ጋናካ» ጋር ያያይዙታል፤ ቆጣሪ፣ የከዋክብትን ሐሳብ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። አንድ ላይ ሲነበብ በእኛው አነጋገር «መምህር፣ ሐሳብ አዋቂ» እንደ ማለት ነው። በልማድ ሰውየው ታዋቂው የዓረብ መርከበኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ ነው ይባላል፤ የፖርቱጋል ጸሐፊዎች ግን የጉጃራት ሰው ብለው ነው የጻፉት፣ አይገጥምም። ከእነሱ አንዱ ያቆየልን አንድ ነገር አለ። ዳ ጋማ ትልቅ የእንጨት አስትሮላብ (የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ መለኪያ) እና ሌሎች የብረት መሣሪያዎች አውጥቶ ሲያሳየው ሰውየው ምንም አልተደነቀም፤ በእነዚያ ባሕሮች እንዲህ ያለ መሣሪያ እንደሚያውቁ ነገረው። ማዕረጉን እንደ ስም ጽፈን የሰውየውን ሙያ ብንሰውርበት ያሳዝናል። «ማሌሞ ካና የተባለው መርከብ መሪ» ብለሽ ትርጉሙን አስከትዪለት፣ እህቴ።

ያገሬ ቃል፦
ያ ድድ የሚያሳብጠው በሽታ ከተነሣ አይቀር፣ መድኃኒቱ ብርቱካንና ሎሚ ነውና፣ «ብርቱካን» ከ«ፖርቱጋል» መጣ የሚባለው እውነት ነው?

ባሕረ ሐሳብ፦
እውነት ነው። የዓረብኛው «ቡርቱቃል»፣ የቱርክኛው «ፖርታካል»፣ የግሪክኛው «ፖርቶካሊ» ሁሉም የአገሩን ስም የያዙ ናቸው፤ ወደ እኛ የገባው በዓረብኛ በኩል ነው። ፍሬው ግን የእስያ ነው። ዳ ጋማ ሞምባሳ ሲደርስ ንጉሡ ከላኩለት ስጦታ ውስጥ ብርቱካንና ሎሚ ነበረበት። ሕሙማኑ እዚያ ሲያገግሙ ማስታወሻ ያዡ «የቦታው አየር ጥሩ ስለሆነ ነው» ብሎ ጻፈ። በመልሱ ጉዞ ማሊንዲ ላይ ሕሙማኑ ብርቱካን አምሯቸው ተላከላቸው፤ ለብዙዎቹ ግን ዘግይቶ ነበር። ያኔም የወቀሰው አየሩን ነው። መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘው ምክንያቱን በነፋስ ውስጥ መፈለጋቸው ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል።

ሸራ ወጣሪ፦
ለእኛ ተማሪዎች ከሆነ ይህንንም አትለፊው፦ ሞዛምቢክ ላይ «ቄስ ዮሐንስ» የሚሉት ክርስቲያን ንጉሥ ሩቅ አይደለም ሲባሉ መርከበኞቹ በደስታ አልቅሰዋል። በዚያ ስም የሚፈልጉት በኋላ የእኛን ንጉሥ ሆነ። የራሱ የዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫዎም በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ በማግሥቱ ዓመት እዚሁ አገራችን ላይ ሞቷል።

ሰምና ወርቅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ እንዲህ ልጻፍ? «መርከበኞቹ ወቅታዊውን ነፋስ፣ ማለትም ሞንሱንን፣ ሳይጠብቁ ተነሡ።»

ሸራ ወጣሪ፦
«ወቅታዊ» ዛሬ በዜናው «ወቅታዊ ጉዳይ» ስለሚባል ልጆቹ «የሰሞኑ ነፋስ» ብለው ይረዱታል። «የወቅቱን ነፋስ» ብትዪ ይሻላል፤ መጀመሪያ የሚነሣበት ቦታ ላይ «ሞንሱን»ን ከጎኑ አስቀምጪው፣ ከዚያ ወዲያ «የወቅት ነፋስ» ብቻ ይበቃል።